መጠጥን ለመተው ረዳት እንዴት ይፈለጋል?

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቀረብ በሉ። የዛሬው ትምህርታችን መጠጥ ሱስ የሆነበት ሰው ረዳት ባለሙያ እንዴት እንደሚያገኝ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ሱስ ምንድን ነው? በበዓል ቀን ጠላ የቀመሰ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም። ሱስ ያዘው የሚባለው ልተው እያለ መተው ያቃተው፣ ቤቱንና ሥራውን እየጎዳ መሆኑን እያወቀ የሚጠጣ ሰው ነው። ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሰውነቱ ራሱ መጠጡን ለምዶታል ማለት ነው። አረቄ አውጥታ የምትተዳደር ሴትም እየቀመሰች ሱስ ሊይዛት ይችላል፤ በኀፍረት ግን ቶሎ አትናገርም። ሱስ ሕክምና ያለው በሽታ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። በብዙ ቤት ችግሩ ሲከፋ ዘመድ ይሰበሰባል። ሰውየውም «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ ይምላል፤ ወይም ይገዘታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ ለሕይወቱ ያሰጋል። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊጀምረው ይችላል። በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፤ ይቃዣል፤ ትኩሳት ይይዘዋል። ጎረቤት «አበደ» ይላል። ነገሩ ግን መጠጥ የለመደው አንጎል በድንገት ሲጎድልበት የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ከመሐላው በፊት ጤና ጣቢያ ይቅደም። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት በልክ እየሰጠ፣ ቫይታሚን ቢ1 እየጨመረ፣ እነዚያን ቀኖች በደህና ያሻግረዋል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አይገባም፤ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን አድክሞ ሊገድል ይችላል።

ሰውነት ሲያርፍ ሁለተኛው ደረጃ ይቀጥላል። እሱም የምክር ሕክምና ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ሲመለስ ሁልጊዜ አረቄ ቤት ጎራ ይላል እንበል። ጥሩ ባለሙያ አይቆጣውም። «ከማን ጋር ይጠጣሉ? ሳይጠጡ የተመለሱበት ቀን የለም ወይ? ያን ቀን ምን ለየት አለ?» እያለ ይጠይቀዋል። ከዚያም ተመካክረው ገንዘቡን ባለቤቱ እንድትይዝ፣ እሱም በሌላ መንገድ እንዲመለስ ይስማማሉ። በቀጠሮው ቀን የተሳካውንና ያልተሳካውን አብረው ያያሉ።

ይህ ባለሙያ የት ይገኛል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ውስጥ፣ የመጠጥ ሱስ በተራ ጤና ተቋም ጭምር እንዲታከም ከታሰቡት ችግሮች አንዱ ነው። ስለዚህ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል፤ በዚያም የአእምሮ ጤና ነርስ ወይም የአእምሮ ሐኪም ካለ ጠይቁ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው።

ባለሙያውን ስታገኙ አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሥልጠናዎ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በመጠጥ የተቸገረ ሰው ረድተው ያውቃሉ? ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? አራተኛ፣ የምናገረውን ማን ይሰማል? በአንድ ቀን አድንሃለሁ የሚል፣ ምስጢር የማይጠብቅ ወይም የሚሳደብ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ።

በመጨረሻ ለቤተሰብ የምንለው አለን። የታከመ ሰው ተመልሶ ቢጠጣ «አለቀለት» አትበሉ። ይህ በብዙዎች ላይ ይደርሳል። በማግስቱ ወደ ባለሙያው መልሳችሁ ውሰዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፣ ኀፍረት በር አይዝጋብን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ምን ያሰጋዋል?
2. ባለሙያውን የምንጠይቃቸው አራት ነገሮች ምንድን ናቸው?
3. ለአካባቢያችሁ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ የት ነው? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።