ለጀልባችን የትኛውን ባትሪ እንምረጥ?

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ ኖሯል። ኋላም ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ የሞተር ጀልባ መጣ። አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ ጀልባ በዓለም ላይ እየተስፋፋ ነው። በኖርዌይ አገር አምፔር የተባለች፣ 120 መኪናዎች የምትጭን መርከብ እ.ኤ.አ. በ2015 በባትሪ ኃይል ሥራ ጀምራለች። በእኛም አገር ከጣና በሚወስደው ውኃ የሚሠራው የበለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ መብራት የገባለት ወይም የፀሐይ ኃይል መቀበያ ያለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አንድ ቀን «ቤንዚኑን ትተን በባትሪ ብንሄድስ?» ብሎ ቢመክር የሚያስገርም አይሆንም።

ታዲያ ባትሪ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መኪና በመንገድ ላይ ኃይሉ ቢያልቅበት ሰው ወርዶ ይገፋዋል። ጀልባን ግን በሐይቅ መካከል፣ ነፋስ ሲነሳ፣ ማን ወርዶ ይገፋዋል? ያለ ሂሳብ የተገዛ ባትሪ የማኅበሩን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሊበላ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እንቁጠር፤ ከዚያ እንግዛ።

1. ጎተራውና በላተኛው

ባትሪን እንደ ጎተራ እንቁጠረው። ጎተራ እህል ይይዛል፤ ባትሪም ኃይል ይይዛል። በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል በዋት ሰዓት ይለካል። ሞተሩ እየዛቀ የሚበላው ደግሞ በዋት ይለካል። 2000 ዋት የሚበላ ሞተር 1 ሰዓት ቢሠራ 2000 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። 2 ሰዓት ቢሠራ 4000 ይጨርሳል።

ነጋዴው ግን ብዙ ጊዜ «ይህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ግማሽ ወሬ ነው። «ቮልቱስ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሁለቱን ስናባዛ ዋት ሰዓቱን እናገኛለን።

100 × 12.8 ቮልት = 1280 ዋት ሰዓት
100 × 51.2 ቮልት = 5120 ዋት ሰዓት

አያችሁ? ሁለቱም «ባለ 100» ናቸው። አንዱ ግን የሌላውን 4 እጥፍ ይይዛል።

2. ስንት ይበቃናል?

ከመንደራችን እስከ ገበያው ዳር 6 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ጀልባችን ሰውና ጭነት ይዞ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ 2000 ዋት ይበላል እንበል። መሄጃው 1 ሰዓት፣ መመለሻው 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ 4000 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል።

ይህ ሐይቁ ሲተኛ ነው። ሐይቁ ግን ሁልጊዜ አይተኛም። ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል ሲነሳ ሞተሩ የበለጠ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም ውኃውን በሚገፋው መዘውር ላይ ሲጠመጠም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ግማሹን እንጨምርበት። 4000 ሲደመር 2000፣ 6000 ዋት ሰዓት ይሆናል።

ደግሞም ጎተራ እስከ ታች አይጠረግም። ከባትሪው 100 እጅ 20ውን ለክፉ ቀን እናስቀር። 6000ው 80 እጅ እንዲሆን ባትሪው 7500 ዋት ሰዓት መያዝ አለበት። እንግዲህ ባለ 5120 አንድ ባትሪ አይበቃንም። ሁለት ቢሆኑ 10240 ይሆናሉ፤ ይበቁናል።

ሁለት መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ብቻውን ሰዎቹን ወደ ቤት ይመልሳል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ እኩል ዕድሜ ያላቸው፣ አብረው እንዲያያዙ ፋብሪካው የፈቀደላቸው ይሁኑ። ሲያያዙም እኩል የተሞሉ መሆን አለባቸው።

አንድ ነገር አንርሳ። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ እጥፍ ኃይል አይበቃም፤ ወደ 8 እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ኃይል ሲያንስ ቶሎ ለመድረስ ብሎ መሮጥ ስህተት ነው። ነፋስ ከሌለ ዝግ ያለ ጀልባ ሩቅ ይሄዳል።

3. የእርሳስ ነው ወይስ የሊትየም?

የለመድነው የመኪና ባትሪ ከእርሳስ የተሠራ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች 4 ሲሆኑ ወደ 120 ኪሎ ይመዝናሉ። ቶሎ እንዳይሞቱ ከያዙት ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚገባን። ያንኑ ያህል የሚይዝ የሊትየም ባትሪ ግን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። የእርሳሱ በጥቂት መቶ ጊዜ መሙላት ሲደክም፣ ደኅና የሊትየም ባትሪ 2000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሞላል።

ሊትየምም ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ኒኬልና ኮባልት ያለበት ነው። ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ሲበላሽ ግን በቀላሉ ይግላል፣ ይነዳል። ሁለተኛው የብረት ፎስፌት የሚባለው ነው። ትንሽ ይከብዳል፤ ሙቀትን ግን የተሻለ ይችላል። ለሰው መጫኛ ጀልባ እኛ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ይህ ማለት ጭራሽ አይቃጠልም ማለት አይደለም። ቢጎዳ እሱም መርዛማ ጭስ ያወጣል።

4. ዘበኛው

በሊትየም ባትሪ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ዘበኛ አለ። ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ እስከ ታች እንዳይወርድ፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይጎተት ይጠብቃል። አደጋ ሲያይ ኃይሉን ድንገት ይቆርጣል።

ይህ ዘበኛ ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ መጠየቅ አለብን። ሞተራችን በሙሉ ጉልበቱ 4000 ዋት የሚስብ ቢሆን፣ 4000 ለ51.2 ሲካፈል 78 አምፔር ይሆናል። ዘበኛው 50 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አንዱ ባትሪ ብቻውን ሲቀር፣ ባሕረኛው ከማዕበል ለመውጣት ሙሉ ጉልበት በሰጠበት ሰዓት ሞተሩ ቀጥ ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባትሪ 100 አምፔር የሚያሳልፍ ይሁን።

5. ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት

ሀ. ጽሕፈቱን እናንብብ። በባትሪው ላይ ያሉት ፊደላት የፈረንጅ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን እኛ የተማርናቸው ናቸው። ፊደሉ ቢያስቸግር ተማሪ ልጅ ይጠየቅ። ማባዛቱን ግን ራሳችን እናድርገው።

ለ. እንመዝነው። 5120 ዋት ሰዓት እይዛለሁ የሚል የብረት ፎስፌት ባትሪ 20 ኪሎ ብቻ ቢመዝን ውሸት ነው። ሚዛን አያዳላም።

ሐ. ውኃ መቻሉን እንይ። አይፒ 67 የሚል ቁጥር ካለው 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው።

መ. እንፈትነው። የሞላውን ባትሪ ከዳር በታሰረ ጀልባ ላይ እናያይዝና ሞተሩን በ1000 ዋት እናሠራው። ባለ 5120 ከሆነ 5 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። በ2 ወይም በ3 ሰዓት ካለቀ ከአሮጌ ባትሪ የተቀጣጠለ ሊሆን ይችላል።

ሠ. ዋስትናው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

6. አያያዝ

ባትሪው ለሊትየም በተሠራ መሙያ ብቻ ይሞላ። ሲሞላ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሁን እንጂ ሰው በሚተኛበት ቤት አይሁን። በጀልባው ላይ እንዳይንሸራተት በደንብ ይታሰር። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ሁለቱን ጫፎች በብረት ማገናኘት እሳት ያስነሳል። ያበጠ፣ የሸተተ ወይም ያለ ምክንያት የሚግል ባትሪ ከአገልግሎት ይውጣ። ጭስ ካወጣ ሰው ይራቅ።

ባትሪ ቢኖርም መቅዘፊያ ከጀልባው አይውረድ። የመንገዱ ሂሳብም በወረቀት ተጽፎ ለማኅበሩ አባላት ሁሉ ይነበብ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሂሳብ ያ ሰው በሌለበት ቀን አይጠቅምም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ጥያቄዎች

1. «ባለ 100 አምፔር ሰዓት» ማለት ብቻውን ለምን አይበቃም?
2. ከአንድ ትልቅ ባትሪ ይልቅ ሁለት ባትሪዎች ለምን ይሻላሉ?
3. መንገዱ 6 ሳይሆን 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን ስንት ዋት ሰዓት ያስፈልጋል? ሁለቱ ባትሪዎች ይበቃሉ? አስሉና ተወያዩበት።