ከአጥሩ በፊት ግርግሙን ማየት

በቢዮ አዋሌ ተዳፋት ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ አርሶ አደሩ እንቅልፍ ያጣል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርት ይጠብቃል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው ግን የጎረቤት እንስሳ ነው። ወፍ ባለቤት የለውም፤ ዝንጀሮም ለፍርድ አይቀርብም። ሌሊት ገመዷን ፈትታ፣ ካቡን ተሻግራ፣ የሰው ማሳ ውስጥ የምታድር አህያ ግን ባለቤት አላት። ባለቤቱም ጠዋት ውሃ ሲቀዳ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲጠራ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት የተረገጠ ማሽላ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተሰብ ጉርብትናንም ይነካል።

ቢዮ አዋሌ ከዋሂል፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢ ነው። በአካባቢው ማሳው በካብ የተደገፈ፣ ሰብሉ ማሽላ፣ በቆሎና ጫት፣ ዝናቡም ብዙ ጊዜ የሚያጥር ነው። የጋማ ከብት ሲባል እዚህ በቅድሚያ የሚታወሰው ፈረስ ሳይሆን አህያ ነው። ውሃ የምታመላልሰው፣ ማገዶና ምርት የምትጭነው፣ ገበያ የምትደርሰው እርሷ ናት። ፈረስም ሆነ አህያ ከታሰረበት ወጥቶ የሰው ማሳ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ “አመለኛ ናት።” በእርግጥ አመል የሚያወጣ እንስሳ አለ። ነገር ግን አብዛኛው አመል ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የሚገኘው ከአጥሩ ይልቅ በግርግሙ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ረሃብ ነው። የጋማ ከብት እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው ትንሽ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ተኝቶ የሚያድር ሳይሆን፣ ጥቂት በጥቂት ሲግጥ የሚውል ፍጥረት ነው። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 16 ሰዓት ድረስ ሲግጥ ሊቆይ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ጭነት ስትሸከም የዋለች አህያ ደግሞ የምትበላበት ጊዜ የሚቀራት ሌሊቱ ብቻ ነው። ያን ሌሊት ባዶ ግርግም አጠገብ ከታሰረች፣ የእሸት ሽታ ከማዶ እየመጣ ገመዷን ብታኝክ ሊያስገርም አይገባም። 120 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን አህያ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ይበቃታል። በሐረርጌ አርሶ አደር ዘንድ ማሽላን አጥቅጦ ዘርቶ፣ ቡቃያውን እያሳሱ ለእንስሳት መመገብ፣ ከምርት በኋላም አገዳውን ከምሮ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ አገዳ ማታ ማታ አንድ እቅፍ ለአህያዋ መተው የጎረቤትን ማሳ ከመካስ እጅግ ይረክሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ብቸኝነት ነው። የጋማ ከብት የመንጋ እንስሳ ነው። በተለይ አህያ ከለመደቻት ጓደኛዋ ስትለይ ትጨነቃለች፣ ትጮኻለች፣ ትፈልጋለች። ከሁለት አህዮች አንዷ ገበያ ሄዳ ሌላዋ ለብቻዋ ስትቀር ገመድ የምትበጥሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ከፍየል ወይም ከላም አጠገብ ማሰር እንኳ የሚያረጋጋት አጋጣሚ አለ።

ሦስተኛው የመራቢያ ጊዜ ነው። ባዝራ በአማካይ በየ21 ቀኑ፣ እንስት አህያ ደግሞ ከዚያ ጥቂት በረዘመ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። ያልተኮላሸ ወንድ በዚህ ወቅት አጥርም ገመድም አያግደውም። ለዘር የማይፈለገውን ወንድ በእንስሳት ጤና ኬላ በባለሙያ ማኮላሸት፣ አላስፈላጊ ሽሽትንም ጠብንም ይቀንሳል። ውጤቱ ግን በማግስቱ አይታይም፤ የቆየ ጠባዩ እስኪበርድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ከእነዚህ በኋላ ነው የአጥር ነገር የሚመጣው። ለፈረስ የሚመከረው አጥር በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በተዳፋት መሬት ላይ ግን ልኩ አታላይ ነው። ከታች ሲታይ አንድ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ካብ፣ ከላይኛው እርከን ለምትመጣ እንስሳ አንድ እርምጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በካብ ማሳ ላይ የአጥር ቁመት መለካት ያለበት እንስሳው ከሚመጣበት ከላይኛው ወገን ነው። በዚያ በኩል ቅንጭብ፣ ቁልቋል ወይም ቃጫ መትከል፣ እስኪያድግ ድረስም የግራር እሾህ መደርደር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ፈረስ ይዘላል፤ አህያ ግን ከመዝለል ይልቅ ትገፋለች፣ ትደገፋለች፣ የላላውን ትፈልጋለች። ለእርሷ ከአጥሩ ቁመት ይበልጥ የበሩ መዝጊያና የችካሉ ጥንካሬ ወሳኝ ነው።

አጥር ብቻውን እንደማይበቃ ማሳያ ከሩቅ አገር መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1949 በቺሊ ሁዋሶ የተባለ ፈረስ 2 ሜትር ከ47 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ዘልሏል፤ የከፍታ ዝላይ ክብረ ወሰኑም እስከ ዛሬ የእርሱ ነው። እርግጥ ሁዋሶ የሠለጠነ ነበር። ቢሆንም የፈረስ አካል ምን እንደሚችል ያሳያል። መዝለል የሚችል እንስሳ እንዳይዘልል የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ለመዝለል ምክንያት ማጣቱ ነው።

ከማሳው ባለቤት ቀጥሎ የሚጎዳው ራሱ ያመለጠው እንስሳ ነው። የጋማ ከብት ማስታወክ አይችልም። እህል አግኝቶ ያለ ልክ ከበላ በሆድ ቁርጠት ሊሞት፣ ወይም የሰኮናው ውስጥ ተቆጥቶ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል። ድርቅ የመታው ወይም እንደገና ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ ደግሞ መርዛማ ንጥረ ነገር ይይዛል፤ ይህ በተለይ ለላምና ለበሬ እጅግ አደገኛ ነው። ከዚህ በላይ የሐረርጌ ሌሊት የጅብ ነው። “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” የተባለው በከንቱ አይደለም። ገመዷን በጥሳ የወጣች አህያ የምትመለሰው በዕድል ነው። ካልተመለሰች ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃው ጀሪካን በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ይወድቃል።

አመለኛ የተባለን እንስሳ ለመግታት ብዙዎች የፊት እግሮቹን አቀራርበው በቀጭን ገመድ ያስራሉ። ይህ መፍትሔ መስሎ ሌላ ችግር ያመጣል። ገመዱ ቆዳውን ይሰረስራል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ እንስሳውም ለጭነት አይሆንም። ከጅብም መሸሽ አይችልም። ማሰር ግድ ከሆነ ረዘም ባለ ገመድ፣ ሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ ተጠቅሞ፣ ከአገጭ ማሰሪያው ወይም ከአንገቱ በማይጠብቅ ቋጠሮ ከጠንካራ ችካል ጋር ማሰር ይሻላል። ጥላና ውሃም በገመዱ ርዝመት ውስጥ መኖር አለባቸው።

ፈረስ ክብር በሆነበት አገር ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ ተቀልቦ፣ ታጥቦና አጊጦ ይወጣል። በሌላ በኩል በብዙ የአገራችን ከተሞች ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ሲያረጅ ወይም ሲያነክስ ጎዳና ላይ የሚለቀቅ ፈረስ ይታያል። እርሱም ቆሻሻ ሲፈልግ፣ የመኪና መንገድ ሲያቋርጥ፣ የሰው ግቢ ሲገባ “አመለኛ” ይባላል። እንስሳው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ የሚለያየው ባለቤቱ ነው።

ጉዳት ከደረሰ በኋላስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2071 ጀምሮ መልስ ይሰጣል። እንስሳው ያደረሰውን ጉዳት የሚክሰው ባለቤቱ ነው። “ሳላስበው አመለጠችኝ” ማለት ከኃላፊነት አያድንም። እንስሳውን ተከራይቶ፣ ተውሶ ወይም ለጥቅሙ ይዞ የሚጠቀም ሰውም በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። አህያ መዋዋስ በተለመደበት አካባቢ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የቤት እንስሳ ባለቤት ጥፋቱ የራሱ ወይም እርሱ ኃላፊ የሚሆንለት ሰው ካልሆነ፣ እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከዕዳው ነጻ የሚሆንበት መንገድም በሕጉ ተቀምጧል።

የማሳው ባለቤትም መብትና ግዴታ አለበት። ለካሳው መያዣ እንዲሆነው ማሳው ውስጥ ያገኘውን እንስሳ መያዝ ይችላል። ከያዘ ግን ሳይዘገይ ለባለቤቱ ማሳወቅ፣ ባለቤቱን ካላወቀም ማፈላለግ ይኖርበታል። ሕጉ እንስሳውን መግደልን የሚፈቅደው ሁኔታው የሚያስገድድ ሲሆንና ንብረትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ወጥታ የምትባረር አህያ ላይ ገጀራ ማንሳት በዚህ ውስጥ አይካተትም። እግሯን የመታ ሰው ካሳ ጠያቂነቱ ቀርቶ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ደግሞ ሽማግሌ አለ። በኦሮሞው ጃርሳ፣ በሶማሌው ኦዳይ እየተባለ የሚከበረው ሽማግሌ የሁለቱን ቤት ታሪክ ያውቃል። ዳኝነቱ እንዲቀል ግን ማስረጃው ትኩስ መሆን አለበት። የተረገጠው ማሳ ሳይነካ፣ በዚያው ቀን፣ ሁለቱ ወገኖችና አንድ ገለልተኛ ሰው ባሉበት ይታይ። የተበላው በእርምጃ ይለካ። እንስሳው በየት በኩል እንደገባም ይታይ። ከሁሉ በላይ ካሳው ከተከፈለ በኋላ “ሁለተኛ እንዳይደገም ምን ይደረግ?” የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ሽማግሌው መነሳት የለበትም። መልሱ አንዳንዴ አዲስ ችካል፣ አንዳንዴ በጋራ የሚታጠር የላይኛው ካብ፣ አንዳንዴም ለአንድ ሰሞን የአንድ እቅፍ አገዳ ብድር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የቀበሌና የወረዳ አመራሮች ድርሻ አለ። ሰብል እሸት ከመያዙ በፊት በየመንደሩ የእንስሳት ጥበቃ ደንብ በነዋሪው ስምምነት ቢወጣ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የመኖ አያያዝን ከአጥር ጋር አብረው ቢያስተምሩ፣ የማኮላሸት አገልግሎት በዘመቻ መልክ ቢቀርብ፣ የተያዘ እንስሳ ውሃና ጥላ እያገኘ ባለቤቱ እስኪመጣ የሚቆይበት ቦታ ቢታወቅ፣ ወደ ሽማግሌና ወደ ችሎት የሚሄደው ክርክር ይቀንሳል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ እንዳይሆን ሥራው ከወቅቱ መቅደም አለበት።

አርሶ አደሩ ግን ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ሦስት ነገር ይይ፦ በግርግሙ የሚያድር መኖ መኖሩን፣ ችካሉ አለመላላቱን፣ ከላይ በኩል ያለው አጥር አለመፍረሱን። ይህን አይቶ የተኛ ሰው ጠዋት የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳው ለይቅርታ ሳይሆን ለቡና ነው።