አደይ አበባ፣ ንብና የመስቀል ጧፍ

ክረምቱ አልፎ፣ ጉሙ ተገፍፎ፣ የወንዙ ሙላት ጎድሎ መስከረም ሲጠባ የሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቢጫ ይለብሳል። ደመራው የሚያጌጥባት፣ ሕፃናት ከየሜዳው ለቅመው ለጎረቤት የሚያበረክቷት አደይ አበባ ከበዓሉ ጋር ያላት ትስስር እጅግ የጠበቀ በመሆኑ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው «የመስቀል አበባ» ተብላ ነው። ይሁን እንጂ ይህችን አበባ በናፍቆት የሚጠብቃት የሰው ልጅ ብቻ አይደለም። የክረምቱን ዝናብና ብርድ በቀፎዋ ተጠልላ፣ ያጠራቀመችውን ስንቅ እየቆጠበች ያሳለፈችው ንብም የመስከረምን ፀሐይና የአደይን መፍካት ትጠብቃለች። በደጋው አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር ዋነኛ ከሆኑት ምንጮች አንዷ ይህችው አበባ ናት።

በበዓሉ ዕለት በምእመናን እጅ የሚበራውን ጧፍ ልብ ብሎ ለተመለከተውም ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የጧፉ ፈትል ከጥጥ፣ ሰሙ ከንብ የተገኘ ነው። ንብ ሰምን ከውጭ ለቅማ አታመጣውም፤ ማር ተመግባ ከገዛ አካሏ ታመነጨዋለች። ለአንድ ኪሎ ሰም በርካታ ኪሎ ማር ይፈልጋል። ጠጁ ሲጠለል የሚቀረው ሰፈፍም ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይወጣዋል። ስለዚህ አበባው ሲጎድል ማሩ፣ ማሩ ሲጎድል ጠጁም ጧፉም አብረው ይጎድላሉ። በየግቢያችን አጥርና በየደብሩ ቅጥር የሀገራችንን ዕፅዋት ጠብቀን ብናቆይ፣ የጠፉትንም መልሰን ብንተክል ለሚመጣው በዓል የሚሆነውን ማርና ሰም አብረን ተከልን ማለት ነው።

ሁለት አየር በአንድ መንገድ

ይህን እውነት በአንድ የጉዞ መሥመር ላይ ከሚያሳዩ ሥፍራዎች መካከል ጣርማ በር አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዚህ ሥፍራ ይደርሳል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን እንደተጓዘ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሸዋ ሮቢት፣ በሞቃታማው የይፋት ቆላ ውስጥ ራሱን ያገኛል።

ከላይ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ በሚሰማራበት ብርዳም ምድር ጦስኝ፣ አስታ፣ ኮሶ፣ ጽድና ቀጋ ይበቅላሉ። ጦስኝ ሻይ ከማጣፈጧ ባሻገር ትናንሽ አበቦቿ የንብ ማዕድ ናቸው፤ እርሷም በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ወረድ ሲባል ወይራ፣ ብሳና፣ ግራዋና ጌሾ ይከተላሉ። ከታች በቆላው ደግሞ ግራር፣ ቁርቁራና ሮቃ አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያብቡት በአንድ ወቅት አይደለም። አደይ በመስከረም ፈክታ ስትረግፍ ዋንዛ በነጭ አበባው ይተካል፤ በበጋው ግራዋ ያብባል፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ብሳና ተራውን ይረከባል። ንብ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀስመው ከቀፎዋ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው ዙሪያ በመሆኑ በዚያ ክልል ውስጥ ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ትራባለች፤ ሲብስባትም ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች።

በቅጥሩ የተጠበቀ ሀብት

ከጣርማ በር ብዙም ሳይርቅ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ለእነዚህ ዕፅዋት ትልቅ መጠጊያ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ምእት ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ በጽድ ያለበሱት ችግኙን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኘውና ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሆነችው የአንኮበር ሴሪን የተባለች ትንሽ ወፍም በዚሁ አካባቢ ባሉት ገደላማ ሥፍራዎች የዱር ዕፅዋትን ዘር እየለቀመች ትኖራለች።

ደኑ በተመነጠረባቸው አካባቢዎች ደግሞ የሀገር በቀል ዛፎች መጠጊያ ሆኖ የቆየው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው መሬት እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዓይነት መገኘቱ አበው «የደብሩ ዛፍ አይቆረጥም» እያሉ ያቆዩት ሥርዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይመሰክራል። በነዚህ ዛፎች ጥላ ሥር የሚኖሩት ንቦች፣ ቢራቢሮዎችና ወፎች ከቅጥሩ ወጥተው በአካባቢው ያለውን የገበሬ ማሳ ያገለግላሉ።

አገልግሎቱም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ የማይችል በመሆኑ ንብ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ካላደረሰችለት ዘሩ ይመነምናል። የጾሙ ዘይት ያለ ንብ አይገኝም ማለት ነው። ባቄላም ንብ ስትጎበኘው ምርቱ ይጨምራል፤ በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት እንኳ ለዘር ሲፈለግ የነፍሳት እገዛ ያስፈልገዋል።

የተደቀነው አደጋ

ይሁንና በቆላው ዛሬ ከባድ ተቀናቃኝ ገብቷል። ከአሜሪካ ምድር የመጣውና በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላዎች «ቅንጨ አረም» የሚባለው ፓርቲኒየም በመንገድ ዳርና በግጦሽ መሬት እየተስፋፋ የሀገሩን ሣርና የዱር አበባ እያፈነ ይገኛል። በመስኖ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይም አበባ በፈካበት፣ ንብ በተሰማራችበት ሰዓት ከተረጨ ተባዩንና ባለውለታዋን ሳይለይ ይገድላል። ባሕር ዛፍም አበባው ለንብ ቢጠቅምም ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ሥፍራ ከሥሩ ሌላ አበባ እምብዛም አያበቅልም። አደይ ራሷም ብትሆን ከዘር የምትበቅል የአንድ ወቅት ተክል ናት። ሁሉም አበባ ዘር ሳያፈራ ከተለቀመ በሚቀጥለው መስከረም ያ ሜዳ ባዶ ይሆናል።

በግቢያችን ምን እንትከል?

መፍትሔው ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ ልጆች አደይን ሲለቅሙ ከየቁጥቋጦው ከፊሉን ለዘር እንዲተዉ ማስተማር ይገባል። ዘሩ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሲደርቅ ሰብስቦ በደረቅ ሥፍራ ማቆየትና ክረምቱ ሲገባ በአጥር ሥር መበተን ይቻላል።

አጥር የሚያጥር ሰው በቆርቆሮና በሽቦ ፈንታ ወይም ከእነርሱ ጎን ለጎን ቀጋ፣ አጋም፣ ግራዋና እሬት አደባልቆ ቢተክል የንብ፣ የወፍና የቢራቢሮ ማረፊያ ያገኛል። ግራዋ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል በቀላሉ ይይዛል፤ ለበዓሉ ጠላ ጋኑ የሚታጠበውም በእርሱ ቅጠል ስለሆነ የቤት እመቤት ከደጃፏ ታገኘዋለች። ጌሾም እንዲሁ ቅጠሉ ለጠላና ለጠጅ፣ ጥቃቅን አበባው ለንብ ይሆናል። ዳማከሴና ኮሰረት በጓሮ ጥግ ቦታ ሳይፈጁ ያብባሉ። በጣርማ በር ብርድ ጦስኝና ኮሶ፣ በደብረ ሲና ወይራና ብሳና፣ በሸዋ ሮቢት ዋንዛ፣ ቁርቁራና ሮቃ ቢተከሉ እንደየአየሩ ይስማማሉ። ነገር ግን የዱሩን ተክል ነቅሎ ከማምጣት ዘሩን ለቅሞ ማፍላት ወይም ከችግኝ ጣቢያ መውሰድ የተሻለ ነው፤ ካልሆነ ግቢን ለማስዋብ ሜዳን ማራቆት ይሆናል።

ግቢውንም ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ አለመሸፈን ይመረጣል፤ ብዙ የዱር ንቦች የሚኖሩት ቀፎ ውስጥ ሳይሆን በአፈር ጉድጓድና ውስጡ ባዶ በሆነ አገዳ ውስጥ ነውና። በበጋ ወራት ጠጠር የተቀመጠበት ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን ለንብ እንዳትሰምጥ ሆና የምትጠጣበት ምንጭ ይሆናታል። መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ባልፈካበት ጊዜ፣ ያም ባይሆን ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን። ንብ ከሚያነቡ ጎረቤቶች ጋርም አስቀድሞ መነጋገር ብዙ ጥፋት ያድናል።

አባቶች በቅጥራቸው ውስጥ ዛፉን ባያቆዩልን ዛሬ ዘር የምንለቅምበት ሥፍራ ባላገኘን ነበር። በዚህ በዓል አደይን በእጃችን ስንይዝ ከምንለቅመው የምንተወው ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

መልካም የመስቀል በዓል!