በ100 ሽልንግ የሚጀመረው የኬንያ የስልክ ኢንቨስትመንት እንዴት ይሠራል? ምን አደጋስ አለው?

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ኢምባካሲ ቀኑ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከፓይፕላይንና ከታሲያ ረጃጅም የኪራይ ሕንጻዎች የሚወጡ ሠራተኞች ወደ ፋብሪካዎቹ፣ ወደ ደረቅ ወደቡና ወደ ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይተማሉ።

ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በቀን ወይም በሳምንት ነው። ገንዘቡም የሚደርሳቸው በስልካቸው በኩል፣ በኤም-ፔሳ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የማታቱ መሳፈሪያ የሚወጣውም ከዚያው ሒሳብ ነው።

ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን እአአ በ2007 ሲያስተዋውቅ ዓላማው ገንዘብ ማስተላለፍ ነበር። በስልኩ ሒሳብ ውስጥ የሚቀመጥ ገንዘብ ግን ለባለቤቱ ወለድ አያስገኝም፤ የዋጋ ግሽበት ደግሞ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በኬንያ ዓመታዊው የግሽበት መጠን እአአ በጥቅምት 2022 ወደ 9.6 በመቶ ደርሶ ነበር።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የመጣው "የገንዘብ ገበያ ፈንድ" የሚባለው የጋራ ኢንቨስትመንት ነው። ሳፋሪኮም ከኢንቨስትመንት ድርጅቶች ጋር በመሆን ያቀረባቸው ማሊ እና ዚዲ የተባሉት ፈንዶች ሲቀርቡ በ100 ሽልንግ የሚጀመሩ ነበሩ። ይህ ከ1 የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ነው።

የኬንያ የካፒታል ገበያዎች ባለሥልጣን መረጃ እንደሚያሳየው፣ በአገሪቱ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ውስጥ ያለው ሀብት እአአ በ2024 መጨረሻ ወደ 389 ቢሊዮን ሽልንግ ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ያለው በገንዘብ ገበያ ፈንዶች ነው።

የገንዘብ ገበያ ፈንድ ምንድን ነው?

ዕቁብን ወይም የኬንያውያኑን ቻማ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰዎች ትንሽ ትንሽ አዋጥተው አንዳቸው ብቻቸውን የማይደርሱበት ቦታ ላይ ይደርሳሉ።

ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። በዕቁብ የተሰበሰበው ገንዘብ ዕጣ ለወጣለት አባል ይሰጣል፤ ወለድም የለውም። በፈንዱ ግን የተሰበሰበው ገንዘብ ለመንግሥት፣ ለባንኮችና አንዳንዴም ለትልልቅ ኩባንያዎች በአጭር ጊዜ ብድር መልክ ይቀርባል። የሚገኘው ወለድ በየቀኑ ተሰልቶ ለአዋጪዎቹ እንደየድርሻቸው ይደርሳል።

የኬንያ መንግሥት ለ91፣ ለ182 እና ለ364 ቀናት የሚበደርባቸውን የግምጃ ቤት ሰነዶች ማንኛውም ግለሰብ በማዕከላዊው ባንክ በኩል መግዛት ይችላል። ባንኩ እአአ በ2023 ለዚሁ የሚሆን ዶው ሲኤስዲ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀምሯል። ይሁን እንጂ ይህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሽልንግ በአንድ ጊዜ ማውጣትን ይጠይቃል። በቀን ገቢ ለሚተዳደር ሰው በሩ የሚከፈተው በፈንዱ በኩል ነው።

መንግሥት ራሱም ቀደም ብሎ ሌላ ሙከራ አድርጎ ነበር። እአአ በ2017 ይፋ የሆነው ኤም-አኪባ የተባለ ቦንድ በ3,000 ሽልንግ በስልክ የሚገዛ፣ 10 በመቶ ወለድ ያለውና ከግብር ነፃ የሆነ ነበር። ይሁንና የተጠበቀውን ያህል ገዢ አላገኘም። ገንዘቡን ለሦስት ዓመት ማሰር ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ከፈንዱ ግን ገንዘብን በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ወዲያውኑ ማውጣት ይቻላል።

በሕጉ መሠረት የፈንዱ አስተዳዳሪ ገንዘቡን በእጁ አይዝም። ባለአደራ የሚባል ሌላ ተቋም የአዋጪዎችን ጥቅም ያስከብራል፤ ንብረቱን የሚጠብቀው ደግሞ ባንክ ነው። አስተዳዳሪው ድርጅት ቢከስር እንኳ የአዋጪዎቹ ገንዘብ ከድርጅቱ ዕዳ ጋር እንዳይቀላቀል የታሰበ አሠራር ነው።

በ100 ሽልንግ ምን ይገኛል?

በቀን 100 ሽልንግ የሚያስቀምጥ ሰው በወር 3,000፣ በዓመት ደግሞ 36,000 ሽልንግ ያጠራቅማል። ፈንዱ በዓመት 10 በመቶ ቢከፍል፣ መንግሥት ከወለዱ ላይ 15 በመቶ ተቀናሽ ግብር ስለሚወስድ ለአዋጪው የሚደርሰው 8.5 በመቶ ይሆናል።

በዚህ ስሌት በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ወለድ ወደ 1,600 ሽልንግ ብቻ ነው። የሚያስደስት ቁጥር አይደለም። ምጣኔው ባይለወጥና ሰውየው በየወሩ 3,000 ሽልንግ ማስገባቱን ቢቀጥል ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያዋጣው 180,000 ሽልንግ ወደ 225,000 ይጠጋል።

ቁጥሩ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ በጀማሪው ዓመት ገንዘቡን የሚያሳድገው ወለዱ ሳይሆን በየቀኑ መቀመጡ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ወር ገንዘብን እጥፍ እናደርጋለን የሚል ማንኛውም ሰው ከዚህ ሥራ ጋር ግንኙነት የለውም።

ከዚህ በፊት የሚቀድም ሌላ ስሌትም አለ። በኬንያ በስልክ የሚሰጡ ብድሮች ውድ ናቸው። እአአ በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ ለ30 ቀናት ብድር 7.5 በመቶ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ይህ ለአንድ ወር ነው፤ ፈንዱ የሚከፍለው 10 በመቶ ደግሞ ለዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ሰው ወደ ፈንድ ከመግባቱ በፊት ዕዳውን ቢከፍል ማንኛውም ፈንድ የማይሰጠውን ትርፍ ያገኛል።

የማይታዩት ወጪዎች

የፈንዱ አስተዳዳሪ ለሥራው በየዓመቱ ክፍያ ይወስዳል። በኬንያ ገንዘብ ገበያ ፈንዶች ይህ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ነው። በማስታወቂያ የሚነገረው የወለድ ምጣኔ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ፣ ግብሩ ግን ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው።

2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 100,000 ሽልንግ በዓመት 8 በመቶ እያደገ ለ20 ዓመት ቢቀመጥ ወደ 466,000 ይደርሳል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 2 በመቶ ተወስዶ ዕድገቱ 6 በመቶ ቢሆን ግን የሚገኘው ወደ 321,000 ነው። በመካከል ያለው 145,000 ሽልንግ መጀመሪያ ከተቀመጠው ገንዘብ ይበልጣል።

በዓለም ላይ ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው ፈንዶች እንዲስፋፉ ያደረገው ይኸው ሒሳብ ነው። አሜሪካዊው ጆን ቦግል ቫንጋርድ የተባለውን ኩባንያ እአአ በ1975 መሥርቶ በቀጣዩ ዓመት ለግለሰቦች የሚሆን፣ የአክሲዮን ገበያውን አማካይ ብቻ የሚከተል ርካሽ ፈንድ ሲያቀርብ 150 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅዶ ያገኘው 11 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ተቀናቃኞቹ "የቦግል ቂልነት" ብለው ተሳለቁበት። ዛሬ ቫንጋርድ በዓለም ካሉ ግዙፍ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች አንዱ ነው።

ለኢምባካሲው ሠራተኛ ግን ከአስተዳዳሪው ክፍያ በላይ የሚጎዳው ሌላ ነው። 500 ሽልንግ ከኤም-ፔሳ ወኪል በጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ባለፉት ዓመታት የታሪፍ ሠንጠረዥ መሠረት 29 ሽልንግ ይከፈላል። ያ 500 ሽልንግ በፈንዱ ውስጥ በ8.5 በመቶ ቢቀመጥ 29 ሽልንግ ለማስገኘት ስምንት ወር ይፈልጋል። ትንሽ ትንሽ እያስገቡ ትንሽ ትንሽ በጥሬው ማውጣት ትርፉን ለወኪሉ መስጠት ነው።

ኪሳራ የት ይመጣል?

የባንክ ተቀማጭ በኬንያ እስከ 500,000 ሽልንግ ድረስ ዋስትና አለው። የገንዘብ ገበያ ፈንድ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። አደጋው አነስተኛ ነው ሲባል አደጋ የለም ማለት አይደለም።

ለዚህ የኬንያውያን ማስታወሻ ናኩማት ነው። በአንድ ወቅት በምሥራቅ አፍሪካ ከ60 በላይ መደብሮች የነበሩት ይህ ሱፐርማርኬት ዋስትና በሌለው የአጭር ጊዜ ሰነድ ገንዘብ ይበደር ነበር። ኩባንያው ሲወድቅ፣ አማና ካፒታል የሚያስተዳድረው የሽልንግ ፈንድ የዚህ ሰነድ ባለቤት ሆኖ ተገኘ። እአአ በ2018 አዋጪዎች ገንዘባቸውን እንዳያወጡ ታገደ። በእነዚያ አዋጪዎች ዘንድ ፈንዱ በጥንቃቄ የተያዘ ቁጠባ እንጂ ለአንድ ሱፐርማርኬት የተሰጠ ብድር አልነበረም።

ይበልጥ የሚያስተምረው የሳይቶን ጉዳይ ነው። ድርጅቱ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ያለው የገንዘብ ገበያ ፈንድ ነበረው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን በባለሥልጣኑ ቁጥጥር ሥር ያልነበሩና እስከ 18 በመቶ የሚደርስ ወለድ የሚነገርላቸው ሌሎች የኢንቨስትመንት አማራጮችን ያቀርብ ነበር፤ ገንዘቡም ወደ ሕንጻ ግንባታ ይገባ ነበር።

ሕንጻ በአንድ ሌሊት ወደ ጥሬ ገንዘብ አይለወጥም። እአአ በ2021 ክፍያው ቆመ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያስገቡት ከ10 ቢሊዮን በላይ ሽልንግ በዚያው ተያዘ። እአአ በ2023 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ንብረቱ እንዲጣራ ወሰነ። በአንድ ስም ሥር ፈቃድ ያለውም የሌለውም ምርት ሊኖር እንደሚችል ብዙዎች የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው የድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የፈንዱም ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎም ሳፋሪኮም እአአ በ2008 አክሲዮኑን ለሕዝብ በ5 ሽልንግ ሲሸጥ ከ800,000 በላይ ሰዎች ገዝተው ነበር። ከባንክ ተበድረው የገዙም ነበሩ። በዓመቱ ውስጥ ዋጋው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ፤ የተበደረው ሰው በኪሳራ ሸጠ። የታገሠው ደግሞ እአአ በ2021 አክሲዮኑ ከ40 ሽልንግ በላይ ሲሸጥ አየ፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ እንደገና አሽቆልቁሏል።

የወለዱ ምጣኔ ራሱም ቋሚ አይደለም። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እአአ በ2024 መጀመሪያ መሠረታዊ የወለድ ምጣኔውን 13 በመቶ አድርሶ ነበር፤ በዚያ ዓመት የ91 ቀናቱ የግምጃ ቤት ሰነድ ወደ 16 በመቶ ይከፍል ነበር። ባንኩ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ምጣኔውን ደጋግሞ ሲቀንስ ሰነዱ በ2025 ወደ 8 በመቶ ገደማ ወረደ። ፈንዶቹም ተከትለው ወረዱ። ባለፈው ዓመት ቁጥር ተስቦ የገባ ጀማሪ ያንኑ ላያገኝ ይችላል።

ከሞያሌ ወዲህስ?

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ በር ገና በመከፈት ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ለጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ሕጋዊ ቦታ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም እአአ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል።

ኢትዮ ቴሌኮም እአአ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ገዢዎቹም ከ47,000 በላይ ነበሩ። ይህ ግን የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ኩባንያው ሲያተርፍ የሚያተርፍ፣ ሲከስር የሚከስር እንጂ ገንዘብን በብዙ ቦታ የሚያከፋፍል ፈንድ አይደለም።

በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፈቃድ ወዳላቸው የኬንያ ፈንዶች ለመግባት በአብዛኛው ፓስፖርት ወይም የውጭ ዜጎች መታወቂያ እንዲሁም ከኬንያ የገቢዎች ባለሥልጣን የሚሰጥ የግብር ከፋይ ቁጥር ይጠየቃሉ። ገንዘባቸውን በመጨረሻ በሌላ ምንዛሬ የሚጠቀሙበት ሰዎች የሽልንጉንም አቅጣጫ ማየት ይኖርባቸዋል፤ እአአ በ2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ወደ 130 ገደማ ተመልሷል።

እንዴት ይጀመራል?

የካፒታል ገበያዎች ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶችና ፈንዶች ስም ዝርዝር ያወጣል። ስሙ ፊደል በፊደል እንዲመሳሰል ማየት ያስፈልጋል፤ አጭበርባሪዎች የታወቀ ድርጅት ስምና አርማ ለጥፈው በዋትስአፕና በቴሌግራም ይመጣሉ። ገንዘቡ የሚላክበት የክፍያ ቁጥር በፈንዱ ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። ወደ ግለሰብ ስልክ ላኩ ከተባለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ የሚታየው ፈንዱ ገንዘቡን የት እንዳስቀመጠ የሚገልጸው ሰነድ ነው። አብዛኛው በግምጃ ቤት ሰነድና በታወቁ ባንኮች ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በኩባንያዎች ብድር ከሆነ ሌላ። ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ከፍ ያለ ወለድ የሚከፍል ፈንድ ትርፉን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የነገ ኪራይና የዚህ ወር የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ፈንዱ ባይገባ ይመረጣል። ጀማሪው በመጀመሪያ 100 ወይም 500 ሽልንግ አስገብቶ፣ ጥቂት ቀናት ጠብቆ ሙሉውን ቢያወጣ ገንዘቡ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ስንት እንደሚቀነስና ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ያያል። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የደመወዙ ቀን ሲደርስ የሚቀመጠውን መጠን መወሰን ይችላል።