ዛዊያ፦ ጥግ ያጣ የሚጠጋበት ግቢ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም የሚተም ምዕመን አምባሰልን የሚያውቀው በዚያ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ነው። ሐይቅንም በእስጢፋኖስ ገዳምና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ይኸው የወሎ ምድር ግን የሸሆችም አገር ነው። ገዳሙን የሚያውቅ ሁሉ ዛዊያን አያውቅም፤ ከሩቅ ሲያየው አንዳንዱ መስጊድ፣ ሌላው የአንድ ደግ ሰው መቃብር ይመስለዋል። ሁለቱም በግቢው ሊኖሩ ይችላሉ። ዛዊያ ግን ከሁሉ በፊት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው።

ቃሉ ዓረብኛ ነው፤ ማዕዘን፣ ጥግ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ጥግ የተገፋ ሰው የሚጠጋበትም ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ወሎ ላይ የተገናኙ ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ የከተማ ነው። ሰላሐዲን በካይሮ ለሱፊዎች ማደሪያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1173 ነበር። ቱርኮች ተኬ የሚሉትን ይህንኑ ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ዘግተውታል። ከእኛ አገር ሐረር ጁገል በግንቧ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች ይዛ ትኖራለች። የወሎዎቹ ግን ገጠርን መረጡ። ሸህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አልቡኮ ላይ ጃማ ንጉሥ የተባለውን ዛዊያ መሠረቱ። ቃሉ በሚባለው አገር ጌታ፣ በየጁ ደግሞ ዳና የተባሉት ዛዊያዎች ተከተሉ። የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ የእነዚህን ማዕከላት ታሪክ ዕድሜያቸውን ሰጥተው አጥንተውታል።

በግቢው የሚኖረው ማን ነው? ሸሁ፣ ቤተሰባቸው፣ ከየአገሩ ለቂርአት (ለሃይማኖት ትምህርት) የመጡ ደረሳዎች፣ ራሳቸውን ለአገልግሎት የሰጡ ኻዲሞች፣ መሄጃ ያጡ አረጋውያን፣ ዱዓ ፈልገው የመጡ ሕመምተኞች። ከገዳም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ሸሁ ሚስት ያገባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ መሬት ያርሳሉ። ሲያርፉም ብዙ ጊዜ ልጃቸው ወይም ከሊፋ (ተተኪ) ያደረጉት ደረሳ ቦታቸውን ይይዛል።

ቀኑ የሚጀምረው ከሱብሒ ሶላት በፊት ነው። ጀማሪው ደረሳ ሎሁን፣ ያችን የእንጨት ሰሌዳ፣ ጉልበቱ ላይ ያጋድማል። ከጥላሸት የተበጠበጠውን ቀለም በመቃ ብዕር እየጠቀሰ አንቀጹን ይጽፋል፤ እየተወዛወዘ ያነበንበዋል። በቃሉ ሲወጣው ሎሁን አጥቦ ለነገ ያደርቃል። ከፍ ያለው ፊቅህና ነሕው (የሃይማኖት ሕግና የዓረብኛ ሰዋስው) ይማራል። ገና ሕፃን ሳለ ከቤቱ የወጣ ልጅ በዚያው ግቢ ጎልምሶ፣ ራሱ አስተማሪ ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። ክፍያ የለም። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሸሁን ማሳ ያርማል፤ ይህ ኺድማ ይባላል፣ ከትምህርቱ እኩልም ይቆጠራል።

ሲመሽ ሐድራ የሚባለው የዱዓና የውዳሴ ጉባኤ ይያዛል። ዕጣን ይጤሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫቱ ዱዓ ተደርጎበት ይታደላል። ቡናው ለወግ ብቻ አይደለም፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር (ፈጣሪን በማውሳት) ለማንጋት ይጠጡት ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየቤቱ «በረካ» ብሎ የሚጠራት ሦስተኛዋ ስኒ ስሟን ያገኘችው በረከት የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ቃል ነው። ከዚያ ድቤው ይመታል። አንዱ መንዙማውን ያወጣል፣ ጀማው በጭብጨባ ይቀበላል። ወሎ ለአማርኛ ካበረከተው ሁሉ ከመንዙማ የሚስተካከል ብዙ አላውቅም። ግጥሙ አማርኛ ነው፤ የተጻፈበት ፊደል ግን ዓረብኛ። አጀሚ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መንገድ ዓረብኛ ያልተማረ ገበሬ የነቢዩን ውዳሴና የሃይማኖቱን ሥርዓት በገዛ አፉ ቋንቋ ያዘ።

መንዙማ የመከራም መዝገብ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ሲያዙ፣ የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተቃውሞውን መሩ፤ በአጀሚ የጻፏቸው መንዙማዎችም ከእሳቸው በኋላ ቀሩ። ያ ዘመን አልፎ ዛሬ በአንድ ቤት አህመድና ገብሬ ወንድማማች የሚሆኑበት ወሎ የቆመው፣ ቁስሉን ተሸክሞ ነው።

ጥግነቱ በተለይ የሚታየው በጠብ ጊዜ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖች ሸሁ ፊት ይቀመጣሉ፤ አበጋር የሚባሉት የአገር አስታራቂዎችም ዱዓን ከሽምግልና አይነጥሉም። በድርቅ ጊዜ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ተሰብስበው ለዝናብ ይለምናሉ። ለዝያራ (ለጉብኝት) የሚመጣው ሰው ቡናውን፣ በጉን፣ እህሉን ይዞ ይመጣል፤ ያመጣው ተመልሶ ለእንግዳና ለድኻ ይበስላል። ማድቤቱ ከቆመ ዛዊያው ቆመ ማለት ነው፤ ደረሳውም፣ አረጋዊውም፣ ታራቂውም የሚበላው ከአንድ ድስት ነው።

ወደ ደሴና አዲስ አበባ የገቡት የወሎ ልጆች ሙሉውን ግቢ ይዘው መሄድ አልቻሉም። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው፣ ሐሙስ ማታ ተሰብስበው፣ ሐድራውን ይይዛሉ። መንዙማውም ከድቤ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ተሻግሯል። በየዛዊያው ሣጥን ውስጥ ካሉት የአጀሚ ጽሑፎች ግን ብዙዎቹ አልተሻገሩም፤ ምስጥና እርጥበት ይበላቸዋል፣ አንብቦ የሚያዜማቸው ሽማግሌም በየዓመቱ ይቀንሳል። የወሎ ልጅ ሆነህ ይህን የምታነብ፣ በሚቀጥለው መውሊድ አገር ቤት ስትገባ ፈቃድ ጠይቅና አንዱን ጽሑፍ በስልክህ ገጽ በገጽ አንሳ፤ ሽማግሌውም እያነበቡ ድምፃቸውን ቅዳ።