«አርጋቢ ዑደት»፦ ስለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቃል አተረጓጐም

የሙያ ቃልን ለመተርጐም ነገሩ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአብነት የምንመረምረው በመክፈትና በመዝጋት ስልት በሚሠሩ የድምፅ ማጉያዎች ውስጥ የሚገኘውን፥ በእንግሊዝኛ «ስነበር» የሚባለውን ዑደት ነው። ተግባሩ «ረብሻን መቀነስ» ተብሎ ስለሚገለጽ፥ «የድምፅ ማጣሪያ» ወይም «ጩኸት ማፈኛ» ብሎ መተርጐም ይቀናል፤ ሁለቱም ግን አሳሳች ናቸው።

በዚህ ዓይነት ማጉያ ትራንዚስተሮቹ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፥ ይዘጋሉም። በእያንዳንዱ ጊዜ በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው ጥቂት ካፓሲታንስና በመዳብ መሥመሮቹ ላይ ያለው ጥቂት ኢንዳክታንስ ኃይል እየተቀባበሉ፥ ቮልቴጁ እንደ ተመታ ደወል ይወዛወዛል። ውዝዋዜው በሴኮንድ በአሥርና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ሲሆን፥ የሰው ጆሮ የሚሰማው ግን እስከ 20 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ረብሻው በቀጥታ አይሰማም፤ ጉዳቱ ትራንዚስተሩን ከዐቅሙ በላይ በሆነ ቮልቴጅ ማስጨነቁና በአቅራቢያው ያለን ሬዲዮ፥ ለምሳሌ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የኤፍ ኤም ሥርጭት፥ ሊያውክ መቻሉ ነው።

ስነበር አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ተከታትለው የተያያዙበት ሲሆን፥ በትራንዚስተሩ ጫፎች መካከል ይገባል። የክራር ተጫዋች የነዘረውን ጅማት በጣቱ ነክቶ ዝም እንደሚያሰኘው ሁሉ፥ ሬዚስተሩም የውዝዋዜውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያደክመዋል። ለመጠኑ አመራረጥ አንድ የታወቀ ስልት አለ፦ የውዝዋዜው ድግግሞሽ በግማሽ እስኪወርድ ድረስ ካፓሲተር ይጨመራል፤ በዚያን ጊዜ የተጨመረው አስቀድሞ በዑደቱ ከነበረው ካፓሲታንስ 3 እጥፍ ነው። ካፓሲተሩ ያለ ልክ ቢተልቅ ግን ብክነቱ ያድጋል። 1 ናኖፋራድ በ24 ቮልት በሴኮንድ 400 ሺህ ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ 0.23 ዋት ገደማ ያባክናል፤ በ10 እጥፍ ቢተልቅ ብክነቱም 10 እጥፍ ሆኖ ትንሽ ሬዚስተርን ያቃጥላል።

እንግዲህ ስያሜዎቹን እንመዝን። «ማጣሪያ» በማጉያው መውጫ ላይ ለሚገኝ ሌላ ክፍል የተያዘ ስም ነው። «ማፈኛ» ድምፁ ራሱ የሚታፈን ያስመስላል። «ማብረጃ»፥ «ጠቡ በረደ» ከሚለው አነጋገር ጋር ቢስማማም፥ ሙቀት ከሚያበርደው ክፍል ጋር ይምታታል፤ ይህ ዑደት ደግሞ ራሱ የሚሞቅ ነው። የቀረው «አርጋቢ» ሲሆን፥ «ውጥረቱ ረገበ» እንደሚባለው፥ ቀስ በቀስ እያነሱ መሄድን ያመለክታል። አንድ እንቅፋት ግን አለበት። ለነዘራ የሚሠራበት «እርግብግቢት» የሚለው ቃል በድምፅ ይቀርበዋል፤ «አርጋቢ» ላይ ሁለት ፊደል ቢጨመር «አርገብጋቢ» ይሆንና ፍቺው ይገለበጣል። ስለዚህ «አርጋቢ ዑደት» በሚጻፍበት ጽሑፍ በ«እርግብግቢት» ፈንታ «ውዝዋዜ» እንዲጻፍ እንመክራለን።

የስያሜው ነገር በጽሕፈት ቤት የሚያበቃ አይደለም። በወላይታ ዞን በገሱባ ለሚሠራ ጠጋኝ የእንግሊዝኛው ቃል በአማርኛ በኩል አልፎ ወደ ወላይታ ቋንቋ ሊደርሰው ይችላል፤ አማርኛው ከተሳሳተ ስሕተቱ በሁለት ቋንቋ ይጸናል። «ማጣሪያ» የተባለውን ክፍል «ድምፁን አላጠራም» ብሎ ቢነቅለው፥ ማጉያው ያንኑ ድምፅ እየሰጠ ይቈይና በኋላ ትራንዚስተሩ ሊበላሽ ይችላል።

ተናጋሪው ያልተቀበለው የቋንቋ ሥራ እንደማይጸናም ወላይታ ትመሰክራለች፤ ከወላይታ፥ ከጋሞ፥ ከጎፋና ከዳውሮ ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም ለትምህርት የተዘጋጀው ቋንቋ በ1992 ዓ.ም. በሕዝብ ተቃውሞ ቀርቷል። ስለዚህ «አርጋቢ ዑደት» ወደ መዝገበ ቃላት ከመግባቱ በፊት በጠጋኞች የሥራ ጠረጴዛ ላይ ይፈተን እንላለን።