ምዕራፍ ሰባት፦ ከሆስፒታል በር ውጭ የሚከተል ትእዛዝ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1999 ኒው ዮርክ፣ በ23ኛው ጎዳና የምድር ባቡር ጣቢያ፣ አንድሩ ጎልድስቲን የተባለ ሰው የማያውቃትን ኬንድራ ዌብዴልን ባቡሩ ሲደርስ ገፍትሮ ሐዲዱ ላይ ጣላት። የ32 ዓመት ሴት ነበረች፤ ሞተች። ገዳዩ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት የግዛቱ ገዥ ጆርጅ ፓታኪ በሟቿ ስም የሚጠራውን «የኬንድራ ሕግ» ፈረሙ። ሕጉ ዳኛው ታማሚውን ሆስፒታል ሳያስተኛ፣ ቤቱ እየኖረ እንዲታከም የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው ግን ይበልጥ ያሳስባል። ጎልድስቲን ከሐኪም የሚሸሽ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በገዛ እግሩ ደጋግሞ ሆስፒታል ሄዷል፤ ክትትል ያለበት መኖሪያ እንዲሰጠውም ጠይቋል። ቦታ አልተገኘለትም። ጥቂት ሰንብቶ፣ ቀጠሮ ተጽፎለት ይወጣ ነበር። እንግዲህ መገደድ የነበረበት ማን ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ ተመሳሳይ አሠራር የመጣው በ2007 በተሻሻለው የአእምሮ ጤና ሕግ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከኖቬምበር 2008 ጀምሮ ነው። ስሙ የማኅበረሰብ ሕክምና ትእዛዝ ነው፤ ሐኪሙም ታማሚውም የሚጠሩት ግን «ሲቲኦ» እያሉ ነው። እዚያ ትእዛዙን የሚሰጠው ዳኛ አይደለም። በግዴታ ተኝቶ ሲታከም የቆየ ሰው ሲወጣ፣ ኃላፊው ሐኪምና ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሶሻል ወርከር፣ ተስማምተው ይፈርማሉ። ትእዛዙ 6 ወር ይቆያል፤ ለሌላ 6 ወር ይታደሳል፤ ከዚያ ወዲያ እድሳቱ በየዓመቱ ነው። ቀጠሮ አክብሮ መርፌ መወጋት፣ በተባለው አድራሻ መኖር፣ ከአደንዛዥ ዕፅ መራቅ የመሳሰሉ ግዴታዎች ይጻፉበታል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙ ነርሷ ቤት መጥታ፣ ልጁን አስይዛ እንድትወጋው አይፈቅድም። አልወጋም ካለ ወደ ሆስፒታል መልሰው ይጠሩታል፤ እስከ 72 ሰዓት ያቆዩትና ወይ ይሸኙታል፣ ወይ ትእዛዙን ሰርዘው ያስተኙታል። ኒው ዮርክም ለምርመራ የሚያዝበት ጊዜ ከ72 ሰዓት አያልፍም። የወረቀቱ ጉልበት እንግዲህ «ይመልሱኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

መድኃኒት ያቋረጠ ሁሉ እልኸኛ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ሰውዬው መታመሙን እንዳያውቅ ሊያደርገው ይችላል፤ «እኔ ምን ሆንኩ?» ሲል ከልቡ ነው። ሌላው ግን መታመሙን እያወቀ ይተወዋል። ከመድኃኒቱ የተነሳ ልብሱ ሁሉ ጠቦታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀኑን በእንቅልፍ ይፈጀዋል፣ የወሲብ ችግሩን ለሐኪም መናገር አሳፍሮታል። ለመጀመሪያው ሰው ትእዛዙ ይጠቅመው ይሆናል። ሁለተኛው የሚያስፈልገው መጠኑን የሚቀንስለት ወይም መድኃኒቱን የሚቀይርለት ሐኪም ነው። ወረቀቱ ሁለቱን አይለያቸውም።

ታዲያ ይሠራል? የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ቶም በርንስ እንደሚሠራ ያምኑ ነበር፤ ሕጉ እንዲወጣም ደግፈዋል። ይህንኑ ለመፈተን 336 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በሲቲኦ፣ ሌላው ቀድሞ በነበረው አጭር የፈቃድ አሠራር ከሆስፒታል ወጣ። በ2013 ላንሴት ላይ ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ፦ በ12 ወር ውስጥ ከሁለቱም ቡድኖች 36 በመቶው ተመልሶ ተኝቷል። የተለያዩት በግዴታው ርዝመት ነው፤ ሚዲያኑ (መካከለኛው ቁጥር) ለሲቲኦው ቡድን 183 ቀን፣ ለሌላው 8 ቀን ነበር። በርንስ ሐሳባቸውን መቀየራቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ በሙያው ዓለም ይህ ብዙ ጊዜ አይታይም። ተቺዎች ደግሞ «በጥናቱ ለመሳተፍ የተስማማ ሰው ድሮውንም ገር ነው፤ በጣም እምቢተኞቹ አልተፈተኑም» ይላሉ። ተገቢ ትችት ነው፤ ግን የትእዛዙን መሥራት አያረጋግጥም።

ኒው ዮርክ ላይ ሥዕሉ ይለያል። በ2009 የወጣው፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ግምገማ በትእዛዙ ሥር ያሉ ሰዎች ሆስፒታል የሚተኙበት ጊዜ መቀነሱን አሳይቷል። ሆኖም እዚያ ትእዛዙ ብቻውን አልመጣም። በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው የተጻፈ የሕክምና ዕቅድና ጉዳዩን የሚከታተል ባለሙያ መመደብ አለበት፤ ግዛቱም ለአገልግሎቱ አዲስ ገንዘብ መድቧል። ከሕጉ በፊት ቤልቪው ሆስፒታል በተደረገው ሙከራ፣ በ2001 በታተመው፣ ሁለቱም ቡድኖች የተሻለ አገልግሎት አገኙ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጨመረው ለአንዱ ብቻ ነበር። የጎላ ልዩነት አልታየም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ እኔ ከዚህ የምረዳው ለውጡን ያመጣው አገልግሎቱ መሆኑን ነው። ትእዛዙ ከጠቀመ የጠቀመው መንግሥትን ስላሰረ ይመስለኛል።

ለንደን ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በ2018 በሰር ሳይመን ዌስሊ የተመራው የሕጉ ግምገማ ጥቁሮች በሲቲኦ ሥር የመግባታቸው ዕድል ከነጮች ከ8 እጥፍ በላይ መሆኑን አስታውቋል። ሐበሻውም ከዚህ ውጭ አይደለም።

አገር ቤት ግዴታውን ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ቤተሰብ ነው። እናት ክኒኑን ወጥ ውስጥ ደብቃ ታበላለች፤ ወንድም አስሮ ጠበል ያደርሳል። የሚፈርም የለም፤ ይግባኝ የሚባልበትም የለም። ከዚያ ለመጣ ቤተሰብ ሲቲኦ አንዳንዴ እፎይታ፣ አንዳንዴም ልጄን እንደ ወንጀለኛ ቆጠሩት የሚያሰኝ ስድብ ይሆንበታል። ቢያንስ ግን ወረቀቱ የሚከራከሩበት ቦታ አለው። ታማሚው ነጻ ችሎት ፊት ቀርቦ ትእዛዙ እንዲነሳ መጠየቅ ይችላል፤ በእንግሊዝ ያለ ክፍያ የሚያግዘው ተሟጋችም አለ። ቋንቋው ካልተመቸ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ እህት ወይም ልጅ አስተርጓሚ ባትሆን ይመረጣል፣ ታማሚው እሷ ፊት የማይናገረው ነገር ይኖራልና። ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ባለው ስብሰባ ላይም እነዚህ ይጠየቁ፦ በየስንት ቀኑ ማን ይጎበኘዋል? ቅዳሜ ሌሊት ቢብስበት የሚደወለው ለማን ነው? ክብደቱንና ደሙን ማን ይከታተላል? ቤት ካጣስ? ዕቅዱ ላይ የመርፌው ቀን ብቻ ሰፍሮ ከተገኘ፣ የቀረው እንዲጻፍ እዚያው መጠየቅ ነው።